ስለ ጉደር ወንዝና በውስጡ ስለሚኖሩት ዓሦች



የምድርን ነገር የሚያስተምር ሰው ከሩቅ አገር ባሕርና ተራራ አስቀድሞ ተማሪው ከብቱን የሚያጠጣበትን ወንዝ ቢያስረዳው፤ ትምህርቱ በልቡ ይቀረጻል፤ ዐይን ያየውን ነገር ልብ ቶሎ አይረሳውምና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከካቺሲ በስተምዕራብ ወርዶ ወደ አባይ ስለሚገባው ስለ ጉደር ወንዝ፤ ስለ አካሄዱ፤ ስለ ውኃው ጠባይና በውስጡ ስለሚኖሩት ዓሦች እናስረዳለን። በመጨረሻም ዓሦቹ ፈጽመው እንዳይጠፉ ስለሚያስፈልገው ጥበቃ እንናገራለን። የወንዝ ዓሣ ኑሮው በጥቂት ቦታና በጥቂት ወራት ላይ የተመሠረተ ነው። ይህን ቦታና ይህን ጊዜ ለይቶ ያወቀ ሕዝብ ብዙ ሳይደክም ወንዙን ሊጠብቅ ይችላል፤ ያላወቀ ግን የብዙ ዓመት ሀብት በአንድ ቀን ያጠፋል።

ወንዙ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ

የምዕራብ ሸዋ ደጋ እንደ ቤት ጣራ ነው። በጣራ ላይ የወረደ ዝናም በየወገኑ ተከፍሎ እንደሚወርድ ሁሉ፤ በዚህ ደጋ ላይ የዘነበውም ውኃ በሦስት ወገን ይከፈላል። ከጊንጪ አጠገብ የሚመነጨው አዋሽ ወደ ምሥራቅ ሄዶ፤ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፤ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ከወንጪ ተራራ ወደ ደቡብ የሚወርደው ውኃ በኦሞ በኩል ወደ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል። ሦስተኛው ወገን፤ ማለት ከአምቦ በስተደቡብና በስተምዕራብ ካሉት ከፍተኛ ቦታዎች ወደ ሰሜን የሚወርደው፤ የጉደር ውኃ ነው።

የአምቦን ከተማ አቋርጦ የሚያልፈው ሁሉቃ፤ ደቢስና እንድሪስም ከጉደር ገባሮች የሚቈጠሩ ናቸው። ጉደር ከአምቦ በስተምዕራብ በስሙ በምትጠራው ከተማ አጠገብ ከገደል ላይ ተወርውሮ ፏፏቴ ይሆናል። ከዚያም እየጠለቀ ሄዶ፤ የግንደ በረትን ደጋ በስተቀኙ ትቶ፤ በስተሰሜን ካለው ከአባይ ጋር ይገናኛል። ሙገርም እንደዚሁ ከምሥራቅ በኩል ወርዶ አባይን ይቀላቀላል። ስለዚህ የካቺሲ ሰው በደጋው ጫፍ ቆሞ ሲመለከት፤ ሦስት ወንዞች አገሩን በሸለቆ ከበውት ያገኛል።

አባይ በመጽሐፍ ግዮን ከተባለው ወንዝ ጋር በአባቶቻችን ዘንድ አንድ ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል። ወደ ግብፅ ከሚደርሰው ውኃም ከ100 እጅ ከ80 የሚበልጠው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው። እንግዲህ በካቺሲ ቤት ጣራ ላይ የወረደች አንዲት የዝናም ጠብታ፤ ሜዳ ካላስቀራት፤ በጉደር ወይም በአጠገቡ ባሉት ወንዞች ገብታ፤ በሱዳን አልፋ፤ እስከ ሜዲትራንያን ባሕር የሚያደርስ መንገድ በፊቷ ተከፍቶላታል። አሁን ግን በመንገዷ ላይ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ አለ። ይህ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በኋላው የተኛውም ውኃ ንጋት ሐይቅ ተብሎ ይጠራል።

ከደጋ እስከ ቆላ የውኃው ጠባይ እንዴት እንደሚለወጥ

ጉደር አገራችን የምታውቃቸውን ሦስቱን የአየር ጠባዮች፤ ደጋን፤ ወይና ደጋንና ቆላን፤ አቋርጦ የሚያልፍ ነው። ምንጮቹ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሲሆኑ፤ ከአባይ ጋር የሚገናኝበት ሸለቆ ግን ወደ 1000 ሜትር ይጠጋል። አየር በየ1000 ሜትሩ ቍልቍለት በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚሞቅ፤ በደጋ ብርድ የነበረው ውኃ ቆላ ሲደርስ ሞቃት ይሆናል።

ሸለቆውን የሚቈርጠው ውኃ የምድሪቱን የጥንት ታሪክ ይገልጣል። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ፤ ባዛልት የሚባለው፤ በጥንት ዘመን ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ከሱ በታች የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ይገኛል። የኖራው ድንጋይ በጥንት ባሕር ውስጥ የተከማቸ ነው፤ በሙገር ሸለቆ ያለው የሲሚንቶ ፋብሪካም የሚሠራው በዚሁ ድንጋይ ነው። ዛሬ ከባሕር እጅግ በራቀው አገራችን ቀድሞ ባሕር እንደ ነበረ ተማሪው ከዚህ ይረዳል።

የውኃው ሙቀት ለዓሣ ትልቅ ነገር ነው። እኛ በአየር ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን እንደምንተነፍስ ሁሉ፤ ዓሣም በውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን በራሱ ግራና ቀኝ ባለው ስንጥቡ ይተነፍሳል። ብርድ ውኃ ብዙ ኦክሲጅን ይይዛል፤ ሞቃት ውኃ ጥቂት ይይዛል። በባሕር ጠለል ከፍታ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በ10 ዲግሪ ሙቀት 11 ሚሊግራም ያህል፤ በ30 ዲግሪ ግን 7 ሚሊግራም ተኩል ያህል ይይዛል። በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ መጠኑ ከዚህ ዝቅ ይላል፤ ሕጉ ግን ያው ነው። ከገደል የሚወርድና በድንጋይ ላይ የሚረጭ ውኃ ከአየር ጋር ስለሚቀላቀል ኦክሲጅኑን ይጨምራል፤ የተኛ ውኃ ግን ይጐድልበታል። ስለዚህ አንዳንዱ ዓሣ ፈጣን ውኃ ሲወድ፤ አንዳንዱ በጭቃ ኩሬ መኖር የሚችለው በከንቱ አይደለም፤ እያንዳንዱ እንደ አፈጣጠሩ ነው።

በወንዙና በአባይ ሸለቆ ስለሚገኙት ዓሦች

ዓሣ በአገሩ ኦሮምኛ ቁርጡሚ ይባላል። የአገሩ ሰው ዓሣን ሁሉ በአንድ ስም ቢጠራም፤ ወገኑ ብዙ፤ ኑሮውም ልዩ ልዩ ነው። በአባይ ሸለቆ ወንዞች ከሚታወቁት ዋና ዋናዎቹን እንገልጻለን።

አንደኛው ጋራ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ከአገጩ በታች ክብ የሆነ መጣበቂያ ስላለው በፈጣን ውኃ ውስጥ በድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይኖራል፤ ጐርፍም ቶሎ አይወስደውም። ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ በአገራችን ተመላልሶ የዓሦችን ወገን ሲጽፍ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1830ዎቹ ዓመታት፤ አንዱን የጋራ ወገን በደምቢያ አገር ስም ሰይሞታል።

ሁለተኛው በጣና ዙሪያ ነጭ ዓሣ የሚባለው፤ ሊቃውንት ላቤዎባርቡስ የሚሉት ነው። ቅርፊቱ ሰፋፊ ነው፤ በአፉ ዳር ሁለት ሁለት ጥንድ ጢም አለው። ከመካከላቸው ከንፈሩ ወፍራም የሆነው በድንጋይ መካከል የተሸሸገውን ትል እየመጠጠ ይበላል። ይህ ወገን ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው፤ ዕንቁላል ለመጣል የሚደርሰውም ጥቂት ዓመታት ከኖረ በኋላ ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝ፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነገር ሲጠፋ ቶሎ አይተካምና።

ሦስተኛው በሶ የሚባለው ነው። የታችኛው ከንፈሩ ጠርዝ እንደ መፋቂያ የጠነከረ ስለሆነ፤ በድንጋይ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ሽበት እየፋቀ ይመገባል። ድንጋዩ በጭቃ የተሸፈነ እንደ ሆነ ግን ምግብ ያጣል።

አራተኛው አምባዛ ነው። ቅርፊት የለውም፤ ራሱ ጠፍጣፋ፤ ጢሙ አራት ጥንድ ነው፤ ሲያድግም ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ከስንጥቡ ሌላ ከውኃ በላይ ያለውን አየር የሚተነፍስበት ልዩ ብልት ስላለው፤ ሌላው ዓሣ በሚሞትበት በደፈረሰና በጐደለ ውኃ ውስጥ ይኖራል። እንግዲህ በአንድ ኩሬ ውስጥ አምባዛ ብቻ ቢቀር፤ የውኃው ጠባይ እንደ ተበላሸ አንዱ ምልክት ሊሆን ይችላል።

አምስተኛው ቆሮሶ ነው። ይህ ሞቃትና ዝግተኛ ውኃ የሚወድ የቆላ ዓሣ ነው። እናቲቱ ዕንቁላሏን ከጣለች በኋላ በአፏ ሰብስባ ትይዘዋለች፤ ጫጩቶቹም ተፈልፍለው ጥቂት እስኪጠነክሩ ድረስ፤ ጠላት በመጣ ጊዜ ወደ አፏ ይገባሉ። ይህን ለልጆች መንገር መልካም ነው፤ የእናት ፍቅር በውኃ ውስጥም እንዳለ ያስተምራልና።

ከዚህም ጋር ፏፏቴ ለዓሣ በር መዝጊያ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ከታች ያለው ዓሣ ከፍ ያለ ገደል ዘልሎ አይወጣም። የጢስ አባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው፤ ከጣና ሐይቅ ያሉት ዓሦች በታች ካሉት ተለይተው ኖረዋል። ስለዚህ በጣና ከ15 የሚበልጡ የነጭ ዓሣ ወገኖች ተገኝተዋል፤ አብዛኞቹም በሌላ አገር አይገኙም። በጉደርም ላይ ከፏፏቴው በላይ ያለው ውኃ አንድ ጊዜ ዓሣው ከጠፋበት ከታች ሊተካለት አይችልም።

የዓሣ ዓመት፤ በጋና ክረምት

የገበሬ ዓመት በዘርና በአጨዳ እንደሚከፈል፤ የወንዝ ዓሣም ዓመት በሁለት ይከፈላል።

በበጋ፤ ከኅዳር እስከ ግንቦት፤ ውኃው ይጠራል፤ ይጐድላልም። ወንዙ በየስፍራው ተቈራርጦ ጥልቅ ኩሬዎች ብቻ ይቀራሉ። በብዙ ኪሎ ሜትር ተበትኖ የነበረው ዓሣ፤ ትልቁም ትንሹም፤ በነዚህ ጥቂት ኩሬዎች ይከማቻል። እንግዲህ የበጋ ኩሬ ለወንዙ እንደ ዘር ጐተራ ነው፤ ለሚመጣው ዓመት የሚሆነው ዘር ሁሉ በዚያ ተቀምጧልና።

በክረምት ጐርፍ ሲመጣ ብዙው ዓሣ ይነሣል። በተለይ የነጭ ዓሣ ወገን ዕንቁላሉን ለመጣል ወደ ላይ፤ ወደ ገባሮቹ ይወጣል። የሚፈልገውም ቦታ ጥልቀቱ ጥቂት የሆነ፤ ንጹሕ ውኃ የሚሮጥበት ጠጠር ነው። ዕንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ይገባል፤ ሩጫ ውኃውም ኦክሲጅን ያመጣለታል። በዕንቁላሉ ላይ ደቃቅ ጭቃ የተኛበት እንደ ሆነ ግን እንደ ታፈነ ሰው ይሞታል።

እንግዲህ የወንዙ ዓሣ ሕይወት በሁለት ጠባብ በር ታልፋለች፤ አንዱ የበጋ ኩሬ፤ ሁለተኛው የክረምት ጠጠር ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢዘጋ ወንዙ ባዶውን ይቀራል።

ዓሣን ስለሚያጠፉ ነገሮች

በብዙ አገር ዓሣ ለመያዝ የብርብራን ፍሬ አድርቀውና ወቅጠው በኩሬ ይበትናሉ። በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ፤ ይህም ዓሣው የተነፈሰውን ኦክሲጅን ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ይከለክለዋል። ስለዚህ ዓሣው ታፍኖ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። አጥማጁ የሚለቅመው ትላልቁን ነው፤ ጫጩቱና ዓሣው የሚመገበው ትል ግን በከንቱ ይሞታል። ይህ የሚደረገውም ውኃው በጐደለበት በበጋ ነው፤ ማለት የዘሩ ጐተራ በሚሞላበት ጊዜ። ዛፉን ግን አንጥላው፤ ብርብራ ጥላው መልካም፤ ለመሬትም የሚጠቅም የአገራችን ዛፍ ነው። ስሙ በኦሮምኛ ብርብርሳ ከሚባለው ከዝግባ ጋር እንዳይምታታም መምህሩ ይለይ።

ሁለተኛ፤ ለወባ መከላከያ የተሰጠውን አጎበር ለዓሣ መረብ ማድረግ ነው። የአጎበር ዐይን እጅግ ጠባብ ስለሆነ የሰሞኑን ጫጩት ሳይቀር ይጠርጋል። ይህን የሚያደርግ ቤተ ሰብ ሁለት ጊዜ ይጐዳል፤ ልጆቹን ለወባ ትንኝ ይሰጣል፤ የነገውንም ዓሣ ዛሬ ይጨርሳል።

ሦስተኛ፤ በክረምት ዓሣው ዕንቁላል ለመጣል ሲወጣ የገባሩን አፍ በወጥመድና በመረብ መዝጋት ነው። የዚህ ጉዳት በጣና ታይቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ከገባ ወዲህ፤ ነጭ ዓሣው ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ለመውጣት በአፋቸው ሲሰበሰብ በብዛት ይጠመድ ጀመር። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት 10 ዓመታት መካከል የተመራመሩ ሊቃውንት፤ የነጭ ዓሣው ብዛት ከአራት እጅ ሦስቱ እንደ ጐደለ፤ ከትንንሾቹ ደግሞ ከ10 እጅ 9ኙ እንደ ጠፋ አስረድተዋል። ጣና ታላቅ ሐይቅ ሲሆን ይህ ከደረሰበት፤ አንድ ጠባብ ወንዝ እንዴት ይችለዋል?

አራተኛ፤ ከእርሻ የሚታጠበው አፈር ነው። ቍልቍለቱ ያለ እርከን ሲታረስ፤ በወንዙ ዳርም ያለው ዛፍ ሲቈረጥ፤ የሐምሌ ጐርፍ አፈሩን ጠርጎ ጠጠሩን ያለብሰዋል። አባይ በየዓመቱ ከ100 ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ አፈር ከአገራችን ይዞ ሲወርድ ኖሯል። በሱዳን በ1966 የተሠራው የሮዘሬስ ግድብ በዚሁ ጭቃ እየተሞላ የውኃ መያዣው ጐድሎ ነበር። ዛሬም ከጉደር የሚወርደው አፈር መቆሚያው የራሳችን ንጋት ሐይቅ ነው። ስለዚህ በካቺሲ ቍልቍለት ላይ የተሠራ አንድ እርከን የገበሬውን ማሳ፤ የዓሣውን ዕንቁላልና የሕዝቡን ግድብ በአንድነት ይጠብቃል።

አምስተኛ፤ የተባይና የአረም መድኃኒት መርጫን በወንዝ ማጠብ ነው። በእርሻ ላይ ትልን የሚገድል መድኃኒት በውኃ ውስጥም የዓሣውን ምግብና ራሱን ዓሣውን ሊገድል ይችላል። ያንኑ ውኃ ሰውና ከብት እንደሚጠጣው አይዘንጋ።

መምህራንና ሽማግሎች ሊያደርጉት ስለሚገባ

መምህሩ ያለ ብዙ ወጪ ሦስት ትምህርት ሊያሳይ ይችላል። ወንዙ በጐደለበትና በማያሰጋበት ወር ተማሪዎቹን ይዞ ይውረድ። መጀመሪያ በዳር 10 ሜትር ይለካ፤ ደረቅ እንጨት በላዩ ይጣልና ጊዜው ይቈጠር። እንጨቱ 20 ሴኮንድ ቢፈጅበት፤ ውኃው በአንድ ሴኮንድ ግማሽ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። የወንዙ ስፋት 4 ሜትር፤ አማካይ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር ቢሆን፤ ሲባዛ በሴኮንድ 1 ሜትር ኩብ፤ ማለት 1000 ሊትር ይሆናል። የላዩ ውኃ ከታቹ ስለሚፈጥን ከአምስት እጅ አንዱ ቢቀነስ 800 ሊትር ይቀራል። ሒሳብና የምድር ትምህርት በአንድነት ተማሩ ማለት ነው።

ሁለተኛው፤ መምህሩ ራሱ በሐምሌ፤ በመስከረምና በኅዳር ከወንዙ ውኃ በጠርሙስ ቀድቶ በክፍል ያሳድረው፤ በታች የተኛው ጭቃ በማስመሪያ ይለካና ይጻፍ። በየዓመቱ የተጻፈው ሲተያይ የአገሩ አፈር መጠበቁ ወይም መጥፋቱ ይታወቃል። ሦስተኛው፤ በበጋ ድንጋይ ገልብጦ በሥሩ ያሉትን ትሎች ማሳየት ነው። ልዩ ልዩ ዐይነት ትል የሚገኝበት ውኃ ንጹሕ ነው፤ ትል የሌለበት ድንጋይ ግን መርዝ ወይም ጭቃ እንዳገኘው ያስጠረጥራል።

ሽማግሎች ደግሞ በአገር ዘንድ የተሰማ ቃል አላቸውና ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። ከየቀበሌው አንድ ጥልቅ ኩሬ ለዘር ተለይቶ በበጋ ማንም እንዳያጠምድበት ይደረግ። ብርብራና ማናቸውም መርዝ በወንዙ እንዳይበተን ይከልከል። ከሰኔ እስከ መስከረም የገባሮቹ አፍ አይዘጋ። በወንዙ ዳርና ዳር ጥቂት ክንድ ያህል መሬት ሳይታረስ ለዛፍና ለሣር ይተው። መንግሥትም ስለዚህ ነገር የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 315/1995ን አውጥቷል፤ ነገር ግን በሸለቆ ውስጥ በሌሊት የሚሠራውን ሥራ ከሩቅ ያለ ዳኛ አያየውም፤ የሚያየው የአገሩ ሰው ነው።

ዓሣ ማጥመድ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። በመንጠቆና ዐይኑ ሰፊ በሆነ መረብ፤ በጊዜውና በመጠኑ የተያዘ ዓሣ ለልጆች ሰውነት የሚያስፈልግ መልካም ምግብ ነው፤ ለሸጠውም ገንዘብ ያመጣል። የምንለው፤ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል አስፈጭቶ እንደማይበላ ሁሉ፤ የወንዙም ዘር አይበላ ነው። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል፤ ከሦስት ወንዞች መካከል የሚኖር ሕዝብም ዓሣ ብርቅ የሚሆንበት ቀን እንዳይመጣ፤ ኩሬውን በበጋ፤ ጠጠሩን በክረምት እንጠብቅ።